የመጀመሪያው ጠርሙስ የጫልቱ ነው

የጋሽ ሽብሩን መሞት የሰማሁት መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ድሮ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። የትምህርት ቤታችን ጣሪያ መቀየሩን፣ ጋሽ ሽብሩ ማረፋቸውን፣ የእሱ ልጅ ማግባቷን በዚሁ ቅደም ተከተል አወራኝ። «መቼ?» ብዬ ስጠይቀው የልጁን ሠርግ የጠየቅሁት መስሎት ስለ ድንኳኑ ይነግረኝ ጀመር። ታክሲው ሲመጣ እሱ ገባ፤ እኔ ቀረሁ።

ጋሽ ሽብሩ ይህን ቢሰሙ ቅር አይላቸውም ነበር። ነገር በተራው ሲነገር ደስ ይላቸዋል።

ያወቅኋቸው በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ገና ሲጀምሩ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በተመደብኩበት ዓመት ነው። የካ ሚካኤል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ግቢው የእትዬ አስካለ ግቢ ይባል ነበር። የባላቸው የጋሽ ሽብሩም ነው፤ ግን ጠላ የሚጠምቁት እትዬ አስካለ ስለሆኑ ሰፈሩ ሌላ ባለቤት አላስፈለገውም። ከኮተቤ ድረስ የእሳቸውን ጠላ ብሎ የሚመጣ ሰው ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ትልቁ ክፍል ጠላ ቤት ነው። ወደ ጓሮው፣ ወደ እኔም ክፍል፣ የሚገባው በጠጪዎቹ መካከል ታልፎ ነው።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ጠላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጋሽ ሽብሩ ከእንጦጦ ወረዱ። ቁመታቸው ከበሩ ስለሚበልጥ ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። ሁለቱም እጃቸው ተቧጭሮ ደም አዝሏል። ጀርባቸው ላይ አንድ ትልቅ ጆንያ አለ፤ ግን ክብደት ያለው አይመስልም። ከእንግዶቹ አንዱ ምን እንደተሸከሙ ጠየቃቸው።

«አበባ» አሉና አለፉ።

ሰውየው የቀለዱበት መስሎት ሊቆጣ ሲል፣ እትዬ አስካለ ጣሳውን እየሞሉለት፣ «አበባ ነው፤ ጠጣ» አሉት።

ጋሽ ሽብሩ የባሕር ዛፍ ዘበኛ ነበሩ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ የአንድ ባለርስት ሰፊ ደን ነበር። ሥራቸው ጭራሮ የሚለቅሙና የወደቀ ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶችን ማባረር ነው። ሴቶቹ የለቀሙትን በጀርባቸው አዝለው ወርደው ከተማ ይሸጡታል። ዘበኛው የያዛትን ሴት ሸክሟን መቀማት፣ ገመዷን መቁረጥ፣ ስሟንም ለባለርስቱ ማስታወቅ ነበረበት።

እኔ ባወቅኋቸው ዓመታት አንድም ሴት ይዘው አያውቁም። ደኑ ውስጥ ሲዘዋወሩ ይስላሉ። ጉንፋን አልነበረባቸውም። ከአንዱ ሸለቆ ሌላው ሸለቆ የሚሰማ ትልቅ ሳል ነው። ይስሉና ይቆማሉ፤ ሰው ሸክሙን አንሥቶ ቁልቁል ለመውረድ የሚበቃውን ያህል ይጠብቃሉ፤ ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሲደርሱ ማንም የለም። ባለርስቱ ለዓመታት አንድም ክስ ስላልመጣላቸው፣ ሌባ የሚፈራው ዘበኛ አለኝ ብለው ደስ ተሰኙና ያን ካፖርት ሸለሟቸው። ጋሽ ሽብሩ ተቀብለው፣ «ይሞቃል» ብለው አመሰገኑ። አንድ ቀን ባለርስቱ ራሳቸው ደኑን ለማየት መጡና ሳሉን በጆሯቸው ሰሙ። በሳምንቱ ለደረታቸው የሚሆን ዳማ ከሴ ላኩላቸው። ጋሽ ሽብሩ ዳማ ከሴውን ቀቅለው ጠጡ፤ የተላከ ነገር አይጣልም። ሳሉ ግን አልተሻለውም።

ብዙ አይናገሩም፤ የሚናገሩትም ሪፖርት ይመስላል። እንዴት አደሩ ሲባሉ «ተኝቼ» ይላሉ። አንድ ዓመት በረዶ ወርዶ የጓሮውን አትክልት ሙልጭ አድርጎ ሲያወድመው፣ በሩ ላይ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ጎመን ነበረን» ብለው ገቡ። የተቧጨረ እጃቸውን አይቼ አያምዎትም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «የሚወጋው ቀጋው ነው» አሉ። መልሱን ስጠብቅ እሳቸው ጨርሰው ነበር።

ቀጋን የእንጦጦ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የዱር ጽጌረዳ ናት። እሾኋ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ ነው፤ አበባዋ ነጭ፣ ፍሬዋም ሲቀላ ልጆች የሚበሉት። ጋሽ ሽብሩ ከአበባዋ ሽሮፕ ይሠሩ ነበር። ጠጪዎቹ «የአበባ ውሃ» ይሉታል፤ እሳቸው ግን «ሽሮፕ» ነው የሚሉት፣ ያስተማሯቸው ሴትዮ እንደዚያ ስላሉት።

ያስተማሯቸው ጋሽ ሽብሩ እንጨት ያደርሱላቸው የነበሩ አንዲት አርመናዊት ባልቴት ናቸው። ባልቴቷ አማርኛ የለመዱት ከሴት ሠራተኛቸው ጋር ሲነጋገሩ ስለነበር ሰውን ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ወታደር፣ «አንቺ» ነበር የሚሉት። ጋሽ ሽብሩም ትምህርቱን እንደተቀበሉት ያዙት። ለእኔ ሲያሳዩኝ ቃሉን አልለወጡም።

«ጠል ሲደርቅ ትለቅሚያለሽ» ይሉኛል፣ እኔን ጺሜን ያጎፈርኩትን ሰው። «ዝናብ የመታውን ትተያለሽ፤ ሽታ የለውም። ጉንዳኑን ታራግፊያለሽ፤ አታጥቢውም። አረንጓዴውን ትጥያለሽ፤ ይመራል። ፈልቶ የበረደ ውሃ ትጨምሪበታለሽ፣ ሎሚ ትቆርጪበታለሽ፣ ሁለት ቀን ከድነሽ ታቆይዋለሽ። በነጭ ሻሽ ታጣሪዋለሽ። ስኳር ጨምረሽ እሳት ላይ ትጥጅዋለሽ። በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ትገለብጪና በቡሽ ትደፍኛለሽ፣ በሰም ታሽጊያለሽ።»

ወዲያው ደግሞ፣ «መምህር፣ ያን ሻሽ አቀብለኝ» ይሉኛል።

ለምን በሴት እንደሚያነጋግሩኝ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ትንሽ ገረማቸው።

«እሷ እንዲህ ስትለኝ ነው የሠመረልኝ» አሉ።

ሽሮፑ ሁለት ጣት ያህል በብርጭቆ ተደርጎ የምንጭ ውሃ ይሞላበታል። ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። የሚጠጣው ሰው ውሃ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ሽታው የሚመጣው ከዋጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ይመለከተዋል፣ አንድ የተደበቀበት ነገር እንዳለ። ቀይ ቀለም ቢጨመርበት ሰው ይወደው ነበር ብለው የመከሯቸው አልጠፉም። «አበባው ነጭ ነው» ብለው መለሱ። ጋሽ ሽብሩ ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሯቸው ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ለልጃቸው ሠርግ ከጋሽ ሽብሩ ሽሮፕ ወስደው ጠርሙሱን ሲመልሱ፣ እንግዶቹ ከየት እንደመጣ እንደጠየቁ ነገሯቸው። ጋሽ ሽብሩ ይህን ለእትዬ አስካለ ሲያወሩ፣ «ሐጂ ሰው ናቸው» አሉ። ከዚህ በላይ ስለ ማንም ሲናገሩ አልሰማሁም።

እትዬ አስካለ ግን ነገሩን አልወደዱትም። በጽጌ ወር ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያሸበሽባል፣ የእኔው አበባ ይቀቅላል ይሉ ነበር። የባሰው ግን ሌላ ነው። ጋሽ ሽብሩ ጠላ አይቀምሱም። እንግዳ ጠጪ ሁሉ የጠላ ቤቱ ጌታ ጠላ የማይጠጣ መሆኑን ሲሰማ ጣሳውን ያስቀምጥና፣ «ምን ቢያውቅበት ነው?» ይላል። እትዬ አስካለ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ነበር የሚመልሱት።

እኔም አንድ ቀን ጠየቅሁ። ጓሮ ተቀምጠን አበባውን ከአረንጓዴው ስንለይ ነበር። የነገሩኝ እጃቸውን ሳያቆሙ ነው።

ድሮ ይጠጡ ነበር። እኔ ወደ ሰፈሩ ከመምጣቴ ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንድ የበዓል ማግስት፣ ጠዋት ሲጠጡ አርፍደው ወደ ደኑ ወጡ። አንዲት ልጃገረድ ጭራሮ አዝላ ስትወርድ አገኟት። ሌላ ቀን ቢሆን ቁሚ ብለው ሸክሟን ይቀሟት ነበር። ያን ቀን ዱላቸውን አንሥተው እየሳቁ አባረሯት። እየሳቁ ማለታቸውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ሸክሙ በደረቷ ላይ በገመድ የታሰረ ስለነበር ልትጥለው አልቻለችም። እንዳዘለች ገደል ገባች።

«ወረድኩ» አሉ። «ጭራሮው ከላይዋ ነበር። መጀመሪያ ያነሣሁት ጭራሮውን ነው። የጌታዬ ንብረት ነው ብዬ ለብቻ አስቀመጥኩት። ከዚያ ልጅቱን አየኋት።»

አበባ መለየቱን ቀጠሉ። እኔ ግን አቆምኩ።

አዝለው ወጌሻ ቤት አወረዷት። ጭኗ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በጥር ልታገባ ነበር፤ የእጮኛዋ ወገኖች እግሯን ካዩ በኋላ ቀሩ። ሽማግሌ ተቀምጦ ጋሽ ሽብሩ አንድ ላም ካሣ እንዲሰጡ ፈረደ፤ ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ አለቀ ብለው መረቁና ተነሡ። ጋሽ ሽብሩ በማግስቱ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚያሰክር ነገር በአፋቸው እንዳይገባ በሚካኤል ስም ማሉ። ለምን በማግስቱ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አለቀ ሲሉ ጊዜ ነው የፈራሁት» አሉኝ።

የልጅቱ ስም ጫልቱ ነው። ወደ ተራራው መውጣት ስላልቻለች በኮተቤ መንገድ ዳር ቆሎ ትሸጥ ነበር፤ የምትኖረውም እዚያው ከመንገዱ ከፍ ብላ ባለች ቤት ብቻዋን ነው። ጋሽ ሽብሩ በዓመቱ ሽሮፑን ሲማሩ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለእሷ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያው ጠርሙስ የጫልቱ ነው። ለምን ሽሮፕ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሌላ የምሠራው ነገር የለኝም» አሉ።

እኔ በመጣሁበት በዚያው ዓመት፣ ኅዳር እንደገባ፣ «መምህር፣ ብትመጣ ና» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። የጫልቱ ቤት ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ነበረው። ጋሽ ሽብሩ ጠርሙሱን ካቡ ላይ አኖሩ፤ ሳሉ፤ አራት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደው ቆሙ። ጫልቱ ወጣች። ቀጭን፣ ቅንድቧ ወፍራም፣ ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ ሴት ናት። በቀኝ እግሯ እያነከሰች መጥታ ጠርሙሱን አነሣች። ሰሙን በቢላ ላጠች። ቡሹን ነቀለች። ከደጃፏ ጎን ጠርሙሱን ዘቅዝቃ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ጠበቀች። ችኮላም ቁጣም የለባትም፤ የቤት ሥራዋን እንደምትሠራ ሰው ናት። ከዚያ አፉን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ መለሰችላቸው።

«አንተ ዘበኛ፣ ጠርሙስህ» አለች።

ጋሽ ሽብሩ ከሟች አባቷ በዕድሜ ይበልጣሉ። ሰፈሩ በሙሉ፣ የሚጠላቸው ሰው እንኳ ቢኖር፣ «እርስዎ» ነው የሚላቸው። ጠርሙሱን ተቀብለው፣ «ይስጥልኝ» አሉና ተመለስን።

በመንገድ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር መናገር ያለብኝ መሰለኝ። እግዚአብሔር አንድ ቀን ልቧን ያራራዋል አልኳቸው።

«ጠርሙሱን አለመስበሯ ጥሩ ነው» አሉ። «ጠርሙስ አይገኝም።»

ብዙ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ከምትደፋበት ቦታ ላይ ንብ ይሰበሰባል» አሉ። እኔም ዞር ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ ግን ርቀን ነበር።

ያ የደፋችው አራተኛው ጠርሙስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛውንም እንዲሁ ደፋች፤ እንዲሁ «ጠርሙስህ» አለች።

በስድስተኛው ዓመት ጋሽ ሽብሩ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጫልቱ ቤት አልነበረችም፤ ከሱሉልታ ሊጠይቃት የመጣ ወንድሟ ነው ጠርሙሱን የተቀበላቸው። ማን እንደሆኑ ስለማያውቅ አመስግኖ ወደ ቤት አስገባው። ጋሽ ሽብሩ ጠርሙሱ ሲመለስ ይጠብቁ ጀመር። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ደኑ ውስጥ ሳላቸው እንኳ ደከመ፤ አንድ ጊዜ ሳይስሉ በመሄዳቸው ሦስት ሴቶች ላይ ድንገት ደርሰው እሳቸውም ሴቶቹም ደነገጡ። ሴቶቹ ሸክማቸውን ጥለው ሸሹ። ጋሽ ሽብሩ ሦስቱንም ሸክም ተራ በተራ ተሸክመው ከደኑ ውጭ መንገድ ዳር አስቀመጡላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ አስካለ ለጠላ ቤቱ ቆሎ ሊገዙ ኮተቤ መንገድ ወርደው ተመለሱ። ነጠላቸውን አውልቀው ሰቀሉ፤ ውሃ ጠጡ።

«ጫልቱ መልእክት ልካልሃለች» አሉ።

ጋሽ ሽብሩ ተነሥተው ቆሙ።

«ስኳር በዝቶበታል አለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምዬው ከእርሻ አገር ደርሶ ጠምቶት ስለነበር እህቱ ሳትመጣ ከፍቶ ጠጣው፤ ስትመጣ ለእሷም ቀዳላት። ከየት እንደመጣ የነገራት ከቀመሰች በኋላ ነው።

«በዝቶበታል አለች?» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«በዝቶበታል አለች።»

«ጠጥታዋለች ማለት ነው።»

እትዬ አስካለ ሳይጠጡ የስኳርን ነገር ማወቅ እንደማይቻል አስረዷቸው። ጋሽ ሽብሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያን ዕለት ራታቸውን በሉ፤ ትንሽ ቆይተው ራት አልቀረበም ወይ ብለው ጠየቁ። እትዬ አስካለም ድጋሚ አቀረቡላቸው።

በሚቀጥለው ጥቅምት ስኳሩን በግማሽ ቀነሱት። እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠምቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስኳር የሚያንሰው ፈሳሽ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ያውቃሉ። «ይብላላብሃል» አሉ።

«የጠየቀችው ይህን ነው» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«እንግዲያው እሳቱን አቆየው።»

እሳቱ ሲቆይ ሽታው ይሄዳል ብለው አላቆዩትም። እትዬ አስካለ ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደ ጠላቸው ተመለሱ። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ጋሽ ሽብሩ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ወስደው ተመለሱ። ጫልቱ ከካቡ ላይ አንሥታው ምንም ሳትል፣ ሳትከፍተውም፣ ይዛው ገባች አሉ። ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ካፖርታቸውን ግን ያወለቁት ከነገሩን በኋላ ነው፣ በር ላይ ቆመው።

በማግስቱ የማኅበር ተራቸው ነበር። የሚካኤል ማኅበርተኞች በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ኅዳር የጋሽ ሽብሩ ነው። ማኅበርተኛው ይህን ተራ አይወደውም ነበር። የእትዬ አስካለ ጠላ እንደ ልብ አለ፤ ግን አስቀድሞ አንድ አንድ ብርጭቆ የአበባ ውሃ መጠጣት የቤቱ ደንብ ነው። ሽማግሌዎቹ ብርጭቆውን እንደ መድኃኒት ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨልጠው፣ ወደ ጠላው ያልፋሉ።

ያን ዕለት የማኅበሩ ጠርሙስ ሲከፈት ቡሹ ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታ። ሁሉም ቀና አሉ። ጋሽ ሽብሩ ቡሹን አንሥተው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት። ሽሮፑ ውሃ ሲጨመርበት አረፋ አወጣ። የማኅበሩ ቄስ ባርከው ቀመሱ፤ ቆም አሉ፤ ጨለጡት። ዘንድሮስ ተሳክቶልዎታል ብለው ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ ጠላ የጠየቀ የለም። ሁለት ሦስት ዓመት ሙሉ የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ስለ አንድ የድንበር ዛፍ ይቅር ተባባሉ። እትዬ አስካለ ማጀቱ በር ላይ ቆመው እጃቸውን አጣጥፈዋል።

ጋሽ ሽብሩ አስተናጋጅ ስለሆኑ የጠጡት በመጨረሻ ነው። አንድ ጉንጭ ወሰዱ። ዋጡ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ሰባት ዓመት አፋቸው ያልነካውን ነገር ምላሳቸው አልረሳውም ነበር።

«አባ» አሉ ቄሱን፣ «ይህ መጠጥ ሆኗል። መሐላዬን አፍርሻለሁ።»

ቄሱ ምን ያህል እንደጠጡ ጠየቋቸው። አንድ ጉንጭ አሉ። እያወቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። አላወቅሁም አሉ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና፣ ሳያውቁ የዋጡት እንደማይቆጠር፣ የቀረውን ግን ለሌላው እንዲተዉት አዘዙ፤ የራሳቸውንም ብርጭቆ ባዶ መሆኑን አሳዩ። ማኅበርተኛው እፎይ አለ። ለጋሽ ሽብሩ ግን ሌላ ነገር ታይቷቸው ነበር፤ ፊታቸው አመድ ሲመስል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለጫልቱ መጠጥ ሰጥቻታለሁ» አሉ። እትዬ አስካለን እያዩ ነው የተናገሩት።

ተነሡ። ካፖርታቸውን ሳይለብሱ፣ የሚካኤልን ማኅበር ቤታቸው ውስጥ አስቀምጠው ወጡ። በሰፈሩ እንዲህ ያደረገ ሰው የለም። እትዬ አስካለ በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ፤ ተከተልኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረዱት፤ ልደርስባቸው አልቻልኩም።

ጫልቱ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ጠርሙስ ከግማሽ በታች ወርዷል። ብርጭቆ ይዛለች፤ ጉንጯ ቀላ ብሏል። ጋሽ ሽብሩ ካቡ ጋ ደርሰው አልቆሙም፤ አልሳሉምም። ግቢው ውስጥ ገቡ።

«ድፊው» አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ተብላልቷል፤ መጠጥ ሆኗል። እኔ ለአንቺ መጠጥ አልሰጥም። ድፊው።»

ጫልቱ ብርጭቆውን ተመለከተች። ከዚያ እሳቸውን።

«አምስት ዓመት ስደፋው ዝም ብለህ፣ ዘንድሮ ስጠጣው ድፊው ትለኛለህ?»

እኔ በሩ ላይ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር። ጫልቱ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ ግን አልቻለችም፤ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው። ጋሽ ሽብሩ ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ያን ቀን እየሳቅሁ ነበር» አሉ። «ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም። ስትወድቂ እየሳቅሁ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ገደሉ ውስጥ ሆኜ ሰምቼሃለሁ።»

ከታች በመንገዱ አንድ መኪና አለፈ። ጫልቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እግሯን ጎትታ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና አንድ ዝቅተኛ ዱካ ይዛ ወጣች። ፊታቸው አኖረችው።

«ይቀመጡ» አለች።

ጋሽ ሽብሩ ተሳስታ እንደሆነ ለማየት ፊቷን ተመለከቱ። አልተሳሳተችም። ተቀመጡ። ዱካው አጭር ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ጫልቱ ከእንስራው ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠቻቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«ጥሩ ውሃ ነው» አሉ።

ከየትኛው ምንጭ እንደምትቀዳው ጠየቋት። ነገረቻቸው። እሷም በተራዋ የእሳቸው ሰፈር ምንጭ በበጋ ይደርቅ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አይደርቅም፣ ይቀንሳል አሉ። ፀሐዩ ወደ ከተማው በኩል ዘምበል ብሏል። ማኅበርተኛው፣ ቄሱም ጭምር፣ ቤት ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው ላስታውሳቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት፤ እኔም ካቡ ላይ ተቀመጥኩ።